የማስተርስ ጋዋን እጅጌ ጫፉ ተዘግቶ ጎኑ የሚሰነጠቀው ለምንድን ነው? የምረቃ ልብስ አሠራርና ትርጉም

ጥያቄ፦ ሰፊዋ ከሽሮ ሜዳ

ጤና ይስጥልኝ። ልብስ ስፌት ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። ዓመቱን ሙሉ የምሰፋው የሐበሻ ቀሚስና የሙሽራ ካባ ሲሆን፣ ሰኔ ሲገባ ግን የምረቃ ጋዋን ትእዛዝ ስለሚበዛ ማሽኔ ከጥቁር ጨርቅ አይላቀቅም። እስከ አምና የሰፋሁት የመጀመሪያ ዲግሪ ጋዋን ብቻ ስለነበር ሥራው ብዙም አላስቸገረኝም። ዘንድሮ አንድ ደንበኛ ለማስተርስ ተመራቂዎች የሚሆን ስልሳ ጋዋን አዘዘኝና ከውጭ አገር የመጣ ናሙና አስረከበኝ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስመለከተው እጅጌው ከለመድኩት ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። ከትከሻ ተነሥቶ እስከ ጉልበት ይወርዳል፤ ጫፉ እንደ ከረጢት ተሰፍቶ ተዘግቷል፤ ግርጌው በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተቆርጧል፤ እጅ የሚወጣው ደግሞ ከክርን ትንሽ ከፍ ብሎ በአግድም ከተሰነጠቀ ቀዳዳ ነው።

እኔ የፋብሪካ ስሕተት መሰለኝ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ጋዋኖች ስሰፋ ስንጥቁን ትቼ፣ ጫፉን ከፍቼ፣ እጅጌውንም እስከ አንጓ አሳጥሬ አስረከብኩ። ደንበኛዬ በማግስቱ ሃያውንም ተሸክሞ መጣና «የማስተርስ ምልክቱን አጥፍተሽዋል» አለኝ። የምን ምልክት እንደሆነ ስጠይቀው ግን «ናሙናው እንዲህ ነው» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበረውም። ጨርቁን ከራሴ ተክቼ እንደገና ልሰፋ ነው። የከሰርኩት ገንዘብ ቢያሳዝነኝም፣ የበለጠ የከነከነኝ የምሰፋውን ነገር ትርጉም አለማወቄ ነው።

በእኛ ሙያ ልብስ ይናገራል። ነጠላ ለበዓልና ለለቅሶ ሲለበስ ጨርቁ ያው አንድ ነው፤ ጥለቱ ወደ አንገት ሲዞር ግን ያየ ሁሉ ሐዘን መኖሩን ያውቃል። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ መስቀለኛ ያጣፉታል፤ በታላቅ ሰው ፊት ወገባቸው ላይ አደግድገው ይቀርባሉ። ይህን ስለማውቅ የሐበሻ ልብስ ስሰፋ እጄ አያመነታም። ስለ ጋዋኑ ግን ማንንም ብጠይቅ «ከፈረንጅ የመጣ ነው» ይለኛል። እጅጌው እንዲህ የሆነው ለምንድን ነው? ናሙናው በጀርባ የሚንጠለጠል፣ ሁድ የሚሉት ባለ ገበር ነገርም አለው፤ እርሱስ ምንድን ነው፣ ቀለሙስ በምን ይወሰናል? ደንበኛዬ ደግሞ «የአገራችንን ጥለት የሆነ ቦታ አስገቢበት» ብሎኛል። የትኛው ቦታ ላይ ባስገባው ትርጉሙ ሳይበላሽ ይቀራል? የምታውቁ ብታስረዱኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ፦ የታሪክ መምህር፣ ባሕር ዳር

እኅታችን፣ ያንን እጅጌ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ባለሙያ ስሕተት ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። በዚህ ልብስ ላይ ዛሬ ያለ ጥቅም የተንጠለጠለ የሚመስለው እያንዳንዱ ነገር አንድ ዘመን ላይ ሥራ የነበረው ነው፤ ሥራው ሲቀር ቅርጹ ብቻ ምልክት ሆኖ ቀረ።

ነገሩ የሚጀምረው ከቤተ ክህነት ነው። በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዘመን እንደ ፓሪስና ኦክስፎርድ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች ሲደራጁ መምህሩም ተማሪውም እንደ ቤተ ክህነት ሰው ይቆጠር ነበር። ራሱን ይላጫል፣ ረጅም ቀሚስ ይለብሳል፣ በላዩም ካባ ይደርባል። እ.ኤ.አ. በ1222 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ስቲቨን ላንግተን በኦክስፎርድ በተካሄደ ጉባኤ ላይ የእንግሊዝ ካህናት ካፓ ክላውዛ የተባለውን፣ ፊቱ የተዘጋ ረጅም ካባ እንዲለብሱ አዘዙ፤ ሊቃውንቱም ካህናት ነበሩና አብረው ለበሱት። ከጊዜ በኋላ ካህናቱ ይህን ልብስ ተዉት፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ ግን የራሳቸው አድርገው አስቀሩት። አዳራሾቹ እሳት የማይነድባቸው የድንጋይ ቤቶች ስለነበሩ ከባድ ካባና የራስ መሸፈኛ የክብር ብቻ ሳይሆን የብርድም መከላከያ ነበሩ። ዛሬ በክረምት ዝናብ መካከል በፖሊስተር ጋዋን የሚንቀጠቀጡ ተመራቂዎቻችንን ባየሁ ቁጥር፣ የመጀመሪያዎቹ ለባሾች ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ለብሰው እንደነበር ትዝ ይለኛል።

ወደ እጅጌው ልምጣ። በአውሮፓ በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዘመን የታላላቅ ሰዎች የውጭ ካባ እጅጌው እጅግ ረጅም ነበር። እንዲህ ባለው እጅጌ መጻፍም መብላትም ስለማይቻል በክርን አካባቢ ተሰንጥቆ እጅ በዚያ ይወጣ ነበር፤ የቀረው እጅጌ ባዶውን ይንጠለጠላል። በአገራችን ሽማግሌዎች ኮት በትከሻቸው ደርበው እጅጌውን ባዶ ሲተዉት አይተው ከሆነ፣ ግርማው የሚመጣው ከዚያ ዓይነት ነገር ነው። ፋሽኑ ሲያልፍ ዩኒቨርሲቲዎቹ ቅርጹን የማስተርስ መለያ አድርገው ጠበቁት። በናሙናው ላይ ያዩት፣ ከክርን በላይ በአግድም የተሰነጠቀውና ግርጌው በግማሽ ጨረቃ የተቆረጠው እጅጌ የኦክስፎርድን የማስተርስ ጋዋን መልክ የተከተለ ነው። ስለዚህ ደንበኛዎ «ምልክቱን አጥፍተሽዋል» ማለታቸው ምክንያቱን ባያውቁትም እውነት ነው። ከመድረኩ ርቆ የተቀመጠ ሰው ዲግሪውን የሚለየው በእጅጌው ቅርጽ ነውና።

ሁድ የሚሉት ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ታሪክ የተሸከመ ክፍል ነው። መጀመሪያ ከትከሻ መሸፈኛ ጋር አብሮ የተሰፋ እውነተኛ የራስ ቆብ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ይጎትቱታል፣ ቤት ሲገቡ ወደ ኋላ ይጥሉታል። በስተኋላው ሊሪፒፕ የሚባል ረጅም ጭራ ነበረው። በኋላ ሊቃውንቱ ትናንሽ ቆቦች ማድረግ ሲጀምሩ ሁዱ ራስ ላይ መውጣቱ ቀረና በጀርባ ተንጠልጥሎ ቆየ። ልብ ይበሉ፦ ወደ ኋላ የተጣለ ቆብ የሚያሳየው ውስጡን ነው። ለዚህ ነው በሁድ ላይ ዋናው ነገር ገበሩ የሆነው። ልብሱ በሙሉ ጥቁር ሆኖ፣ ቀለም ያለው በተገለበጠው ገበር ላይ ነው። እርስዎ ሲሰፉት ገበሩ በጀርባ በኩል በግልጽ ካልታየ ሁዱ ጠፍቷል ማለት ነው።

አራት ማዕዘኑ ቆብ በኋላ የመጣ ሲሆን፣ ከካህናት ለስላሳ ቆብ ተነሥቶ እየጠነከረ ሄዶ ውስጡ ካርቶን የገባበት ጠፍጣፋ ቆብ ሆነ። በእንግሊዝኛ የሚጠሩት ግንበኛ የልስን ሲሚንቶ በሚጭንበት ጠፍጣፋ ጣውላ ስም ነው፤ ስሙ የወጣለት በመልኩ ምክንያት ብቻ ስለሆነ «ተመራቂው የአገር ግንበኛ ነው» እየተባለ በየመድረኩ የሚነገረው ትርጓሜ ከታሪኩ ጋር አይገናኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ነጠላን የጠቀሱበት መንገድ በጣም ደስ አሰኝቶኛል፤ ምክንያቱም በስኮትላንድ የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በቀይ ጋዋናቸው ላይ ልክ እንደዚያው ያደርጋሉ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ትከሻው ላይ አስተካክሎ ይለብሰዋል፤ ሁለተኛ ዓመት ሲደርስ ከትከሻው ትንሽ ያወርደዋል፤ በሦስተኛው ዓመት ከአንድ ትከሻ ላይ ይጥለዋል፤ በአራተኛው ከሁለቱም ትከሻዎች ወርዶ ክርኑ ላይ ይንጠለጠላል። ጋዋኑ አንድ ነው፣ ዓመቱን የሚናገረው አለባበሱ ነው።

መልስ፦ ከሜሪላንድ

መምህር ስለ እንግሊዙ ሥርዓት የጻፉት ትክክል ነው፤ የቀለሙን ጉዳይ ለመመለስ ግን የአሜሪካኑን ሥርዓት ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቅርጽና ቀለም ስለሚወስኑ የአንዱን ሁድ ቀለም በሌላው መፍታት አይቻልም። በአሜሪካ ግን እ.ኤ.አ. በ1895 የበርካታ ኮሌጆች ተወካዮች በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተሰብስበው አንድ የጋራ ደንብ አወጡ። በዚያ ሥራ ላይ ትልቅ ድርሻ የነበራቸው ጋርድነር ኮትሬል ሌናርድ የተባሉ፣ በኦልባኒ ከተማ ቤተሰባቸው የልብስ ንግድ የነበረው ሰው ናቸው። እርስዎ እኅቴ፣ የእርስዎ ዓይነት ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ይህን ደንብ በመቅረጽ መሳተፉን ማወቅዎ ይገባዎታል ብዬ ነው የጠቀስኩት።

በዚያ ደንብ መሠረት የመጀመሪያ ዲግሪ እጅጌ ጫፉ ሹል ነው፤ የማስተርሱ ረጅምና ጫፉ የተዘጋ ነው፤ የዶክትሬቱ እንደ ደወል ሰፊ ሆኖ በላዩ ሦስት የከፋይ መስመሮች አሉት፣ በፊት ለፊትም ከአንገት እስከ ታች ከፋይ ይለብሳል። የሁዱ ርዝመትም ይለያያል፦ ለመጀመሪያ ዲግሪ 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ለማስተርስ 107፣ ለዶክትሬት 122 ይሆናል። ጠርዙን የሚዞረው ከፋይ ስፋቱ እንደየደረጃው ወደ 5፣ ወደ 7.5 እና ወደ 12.5 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። የከፋዩ ቀለም የትምህርቱን ዘርፍ ይናገራል፤ የውስጡ ገበር ደግሞ ዲግሪውን የሰጠውን ዩኒቨርሲቲ ቀለሞች ይይዛል። ስለዚህ ይህን ደንብ የሚያውቅ ሰው ከኋላዎ ቆሞ ምን ያህል እንደተማሩ፣ ምን እንደተማሩና የት እንደተማሩ አንድ ቃል ሳይጠይቅ ያነባል። እኔ ይህን ስረዳ የተሰማኝን አድናቆት እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ቀለሞቹን በተመለከተ ሕክምና አረንጓዴ፣ ሕግ ሐምራዊ፣ ሥነ መለኮት ደማቅ ቀይ፣ ሳይንስ ወርቃማ ቢጫ፣ ምሕንድስና ብርቱካንማ፣ የትምህርት ሙያ ውሃ ሰማያዊ፣ ነርሲንግ የአፕሪኮት ቀለም፣ ሙዚቃ ሮዝ፣ ኢኮኖሚክስ የመዳብ ቀለም ነው። የደንበኛዎ ተመራቂዎች ቢዝነስና አካውንቲንግ ያጠኑ ከሆኑ ቀለማቸው አፈር የመሰለ ደብዛዛ ቡኒ ነው፤ ብዙ ሰው ስለማያምርበት በሌላ ሊለውጠው ይፈልጋል፤ ደንቡን እንከተላለን ካሉ ግን መለወጥ የለበትም። ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገርም ላንሣ፦ የፒኤችዲ ከፋይ ባለዲግሪው ፊዚክስም ያጥና ታሪክ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ዲግሪው በስሙ የፍልስፍና ዶክተርነት ስለሆነ ቀለሙም የፍልስፍና ነው።

በእጅጌው ላይም አንድ ልዩነት አለ። የእኔ የማስተርስ ጋዋን እጅ የሚወጣው ከክርን ላይ ሳይሆን ከእጅ አንጓ ነው፤ ከአንጓው በታች የሚንጠለጠለው የተዘጋ ክፍል የኋላው ጫፍ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ የፊቱ ደግሞ በቅስት የተጎረደ ነው። የዛሬው የአሜሪካን ደንብ የሚለው ይህን ነው። ስለዚህ ናሙናዎ የእንግሊዙን ቅርጽ የያዘ ከሆነ፣ ሁዱንም በአሜሪካኑ ቀለም ሲሰፉት ሁለት ቋንቋ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንደመቀላቀል ይሆናል። ደንበኛዎ የትኛውን እንደሚከተሉ አስቀድመው ይጠይቋቸው።

የእኔ ትምህርት የኅብረተሰብ ጤና ስለነበር የሁዴ ጠርዝ የሳልሞን ዓሣ ሥጋ የመሰለ ሮዝ ነው። መምህሬ ከኋላዬ መጥተው ሁዱን በራሴ ላይ አሳልፈው ትከሻዬ ላይ ሲያሳርፉልኝ፣ ወዲያው ወደ ኋላ እየተጎተተ ጉሮሮዬን ማነቅ ጀመረ። ሁዱ ከፊት በኩል በወንዶች ሸሚዝ ቁልፍ ላይ የሚጠለፍ ትንሽ ገመድ አለው፤ ቀሚስ ለለበሰች ሴት ግን የሚጠለፍበት ቁልፍ የለም። በዓሉን በሙሉ በአንድ እጄ ይዤው ተቀመጥኩ። እናቴ ከአዳራሹ ስወጣ ከነጠላዋ ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅላ ከጋዋኑ ጋር አያያዘችልኝ። እኅቴ፣ ለሴቶች ሲሰፉ በጋዋኑ ሁለት ትከሻዎች ውስጥ አንዳንድ ትንሽ መያዣ ቢያደርጉ ተመራቂዎቹ ይመርቁዎታል። ከዚያም እናቴን ጋዋኑን አልብሻት፣ ቆቡን ደፍቼላት ፎቶ ተነሣን፤ ሳሎኔ ውስጥ የተሰቀለው የእኔ ሳይሆን የእርሷ ፎቶ ነው።

ስለ ጥለቱ ያለኝ ልምድ አጭር ነው። እዚህ የሚመረቁ የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች ከጋዋኑ ላይ አንገታቸው ላይ የሚያደርጉት ረጅም ስካርፍ አለ፤ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ደግሞ ከጋና የመጣውን የኬንቴ ጨርቅ በዚሁ መልክ ያደርጋሉ። ስካርፉ ከዲግሪው ምልክቶች ጋር ስለማይጋጭ ጋዋኑን ሳይነካ የቤተሰብን ማንነት ይናገራል።

መልስ፦ ከቅኔ ቤት የወጣ

የሁላችሁንም አነበብኩ፤ ብዙ ተማርኩበት። ነገር ግን ውይይቱ የምሁር ልብስ ወደዚች አገር የገባው ከጋዋኑ ጋር እንደሆነ አድርጎ መቀጠሉ ከበደኝ። እኔ በልጅነቴ ጎጃም ውስጥ ቅኔ ተምሬአለሁ፤ በለበስኩትም ልብስ ማንም ተማሪ መሆኔን ያውቅ ነበር።

የቆሎ ተማሪ ልብሱ ደበሎ ነው። የበግ ቆዳ ከነጠጉሩ ለፍቶ፣ በትከሻ ላይ ተደርቦ ይለበሳል። ሲበርድ ጠጉሩን ወደ ውስጥ እናደርገዋለን፤ ሌሊት መኝታም ብርድ ልብስም እርሱ ነው። በአንገታችን አኩፋዳ ይንጠለጠላል፤ በእጃችን የውሻ መከላከያ በትር አለ። ቁራሽ ለመለመን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለን ደጅ ስንቆም የቤቱ ባለቤት ደበሎውን አይቶ የማን ልጅ እንደሆንን አይጠይቅም ነበር። የባለጸጋ ልጅም ቤቱን ጥሎ ሲመጣ ያንኑ ደበሎ ይለብሳል። መምህር ከላይ ልብሱ ደረጃን እንደሚናገር ጽፈዋል፤ ደበሎ ግን ደረጃን ይሰውራል፤ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ይህ ልጅ ተማሪ ነው።

ደረጃ የሚታየው ትምህርቱ ሲፈጸም ነው። ቅኔውን ከዋሸራ ወይም ከዋድላ፣ ድጓውን ከቤተልሔም፣ አቋቋሙን ከጎንደር ተምሮ ያስመሰከረ ሰው ደበሎውን ያወልቃል፤ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ጥምጥም ጠምጥሞ፣ መቋሚያ ይዞ ይቆማል። ሹመት ሲያገኝ ደግሞ ካባና ላንቃ ይደረብለታል። ይህ ሁሉ ያለ አንድ የውጭ አገር ደንብ ለብዙ መቶ ዘመናት የኖረ ነው።

ቃሉንም ተመልከቱት። ፈረንጆቹ ምረቃን የሚጠሩበት ቃል ከላቲኑ «እርከን» የመጣ ነው፤ ደረጃ መውጣት ማለት ነው። እኛ ግን «ተመረቀ» እንላለን፤ ምርቃት ተቀበለ ማለታችን ነው። ተማሪው መምህሩ ፊት ጎንበስ ይላል፣ መምህሩ ይመርቁታል፣ እርሱም «አሜን» ብሎ ይወጣል። ቃላችን እንዲህ ሆኖ ሳለ ልብሳችን ስለ እርከን ብቻ እንዲናገር መፍቀዳችን ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ለእኅታችን ያለኝ ሐሳብ ጥለቱን የሆነ ጥግ ላይ ከመለጠፍ ይልቅ ልብሱን ከመሠረቱ በካባ ቅርጽ ቢሰፉት የሚል ነው። ሌሎችም አገሮች ጠይቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የሕንድ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት ጃይራም ራሜሽ በቦፓል በተደረገ የምረቃ በዓል ላይ ጋዋናቸውን አውልቀው የቅኝ አገዛዝ ቅሪት ነው ብለውታል። ቅኝ ያልተገዛን እኛ በየዓመቱ ሳንጠይቅ መልበሳችን ለእኔ ግልጽ አይደለም።

መልስ፦ የታሪክ መምህር፣ ባሕር ዳር

ወንድሜ፣ ስለ ደበሎና ስለ ምርቃት የጻፉትን ለተማሪዎቼ ማንበቤ አይቀርም። በአንድ ነገር ግን አልስማማም።

ጋዋኑ በግድ የተጫነብን አይደለም። በ1943 ዓ.ም. ትምህርት የጀመረውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያደራጁት ኢየሱሳውያን የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር ካናዳውያን አባላት ቢሆኑም፣ የጠሯቸው ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ሲሆንም ንጉሠ ነገሥቱ በቻንስለርነት ለተመራቂዎች ዲፕሎማውን በእጃቸው ይሰጡ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ስሙም ሥርዓቱም ሲለወጥ ጋዋኑ ግን አልቀረም። ይህን ያህል ትውልድ የለበሰው፣ እናት ለብሳው ፎቶ የምትነሣበት ልብስ አሁንም የእንግዳ ልብስ ነው ለማለት ይከብደኛል።

የእኩልነቱም ጉዳይ በጋዋን ውስጥ አለ። በኦክስፎርድ ተማሪዎች እስከ ዛሬ ለፈተና ጋዋን ለብሰው ነው የሚቀመጡት። እ.ኤ.አ. በ2015 ይቅር ወይስ ይቆይ ተብለው ሲጠየቁ ድምፅ ከሰጡት ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ይቆይ አሉ። ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ ልብሱ ሀብታሙንና ድሃውን አንድ ያደርጋል የሚል ነበር። ደበሎው በጎጃም የሠራውን ሥራ ጥቁሩ ጨርቅም በሌላ አገር ይሠራል።

የማይስማማኝ ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። አሁን በየተቋሙ የማየው ችግር ልብሱ የውጭ መሆኑ ሳይሆን የማይነበብ መሆኑ ነው። አንዱ የማስተርስ እጅጌ ለመጀመሪያ ዲግሪ ያለብሳል፣ ሌላው የዶክትሬት ሦስት መስመር ስላማረው ብቻ ለሁሉም ይለጥፋል፣ የሁዱን ቀለም ገበያ ላይ የተገኘው ጨርቅ ይወስናል። በካባ ቅርጽም ቢሰፋ እንዲሁ ከተሠራ ዝም ያለ ልብስ ይሆናል። ተቋሙ መጀመሪያ ቁጭ ብሎ የትኛው ቅርጽ የትኛውን ዲግሪ፣ የትኛው ቀለም የትኛውን ትምህርት እንደሚናገር በወረቀት ይጻፍ፤ ከዚያ በካባም ይሁን በጋዋን ይልበስ።

ጥለቱን በተመለከተ የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ በአሜሪካኑ ደንብ የሁዱ ገበር የዩኒቨርሲቲው ቦታ እንደሆነ ከሜሪላንድ የጻፉት እኅት አስረድተውናል። ጥለቱ የዩኒቨርሲቲውን ቀለሞች ይዞ ተሸምኖ እንደ ገበር ቢገባ፣ ማንነትን የሚናገረው ክፍል ላይ ማንነትን አስቀመጥን ማለት ነው። ጠርዙ ላይ ግን አይግባ፤ ጠርዙ ለትምህርቱ ቀለም የተተወ ነው።

መልስ፦ ከቅኔ ቤት የወጣ

መምህር፣ «ዝም ያለ ልብስ» ያሉት ገብቶኛል፤ በዚያ እስማማለሁ። ካባ ይሻላል ያልኩትን ግን አልተውኩም። ተቋሙ በወረቀት ለመጻፍ በተቀመጠ ጊዜ ካባውንና መቋሚያውን የሚያውቅ አንድ የአብነት መምህርም ከጠረጴዛው ዙሪያ ቢቀመጥ እወዳለሁ።

መልስ፦ ልብስ ሰፊ፣ ጎንደር

ስለ ታሪኩ የምጨምረው የለኝም፤ ስለ ስፌቱ ግን አንድ ሁለት ነገር ልበል። ያንን የእጅጌ ስንጥቅ ከዚህ በፊት ሰፍቼዋለሁ። ጨርቁን አስቀድመሽ አትሰንጥቂው፤ እጅጌው ትከሻው ላይ ከገባ በኋላ ለሰው አልብሰሽ ክርኑ የሚታጠፍበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጊና ከዚያ አራት ጣት ያህል ከፍ አድርገሽ ቁረጪ። በውስጥ በኩል ማጠንከሪያ ጨርቅ አድርጊበት፤ ዙሪያውን በራሱ ጨርቅ ጥብጣብ ክፈፊው፤ የስንጥቁን ሁለት ጫፎች ደግሞ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ በእጅ አጠንክሪያቸው፤ ያለዚያ ተመራቂው እጁን ባወጣ ባገባ ቁጥር ይተረተራል። ጥለቱን ገበር ካደረግሽው ከመስፋትሽ በፊት በውሃ ንከሪው፤ የፈትል ጨርቅ ከፖሊስተር ጋር ሲሰፋ ኋላ ላይ ተሰብስቦ ሁዱን ያጣምመዋል።

ጠያቂዋ፦ ሰፊዋ ከሽሮ ሜዳ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ደንበኛዬን አግኝቼ የትኛውን ሥርዓት እንደሚከተሉ ጠየቅኋቸው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከልብስ ሰፊ ስላልጠበቁ ተገርመው ስልክ ደወሉና በእጅጌው ናሙናውን እንድከተል፣ ለሁዱ የእያንዳንዱን ትምህርት ቀለም ግን በጽሑፍ እንደሚሰጡኝ ነገሩኝ። ሁለት ቋንቋ እንዳይቀላቀል የተባለውን አንሥቼባቸው ነበር፤ «የተጻፈ ደንብ ከኖረን የራሳችን ቋንቋ ይሆናል» አሉኝ። ወረቀቱ እስኪመጣ ሁዱን አልቆርጥም።

የገበሩን ጥለት አንድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ጋር ወስጄ በኮሌጁ ሁለት ቀለሞች፣ በአረንጓዴና በነጭ፣ ግማሽ ሜትር ለናሙና እንዲሠራልኝ አድርጌአለሁ፤ ዛሬ ጠዋት ውሃ ውስጥ ነክሬው ወጥቻለሁ። ከተመለሱት ሃያ ጋዋኖች ውስጥ የስድስቱን እጅጌ ፈትቼ በረጅሙ ቀይሬአለሁ፤ የግማሽ ጨረቃው ቅርጽ በሁሉም ላይ እኩል እንዲወጣ ከካርቶን ልክ ቆርጬለታለሁ። ለሴቶቹ በትከሻ ውስጥ መያዣ አደርጋለሁ። የጎንደሩ ወንድሜ፣ የስንጥቁን ጫፍ በእጅ ስታጠነክረው የምትጠቀመው ክር የጥጥ ነው የሐር? የጥጡ በሁለተኛው ጋዋን ላይ ሲላላ አየሁት።

መልስ፦ ልብስ ሰፊ፣ ጎንደር

የፖሊስተር ክር እጥፍ አድርገሽ ተጠቀሚ፤ በሰም አሽተሽ። ስፌቱን ስትጨርሺ በጨርቅ ሸፍነሽ በመጠነኛ ሙቀት ተኩሺው፤ ሰሙ ክሩን ያያይዘዋል።